ጽሑፉ የሚያወራለት ዊንዶውስ በጎጃም የለም

«ሊኑክስ ለኛ አገር አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለኔም ከባሕር ዳር፣ ከቡሬና ከሞጣ ደርሶኛል። ላኪዎቹ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ምን ትላለህ?» ደብረ ማርቆስ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ በዊንዶውስ ቦታ ሆኖ ኮምፒውተርን የሚያሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስንም እጭናለሁ። ስለዚህ የምለው አለኝ።

ጽሑፉ ላልደረሳችሁ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። ዊንዶውስን በጥቂት ብር እያስጫንን ሌላ ፍለጋ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ሊኑክስ አማርኛ በወጉ አይጽፍም። ወርድ፣ የሒሳብ መዝገብ መያዣው ፒችትሪና ፎቶሾፕ አይሠሩበትም። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ለሌባ ይመቻል፤ ማስረጃውም በ2024 ስውር በር የተገኘበት የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ባለቤት ስለሌለው ነገ ቢዘጋ ወይም ክፈሉ ቢባል የሚጠየቅ የለም። ያለ ኢንተርኔት አይሆንም። ቁም ነገረኛ ተቋም አይጠቀምበትም፤ የሞከሩትም እንደ ጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ትተውታል። ቢበላሽ ደግሞ ጠጋኝ የለም።

አንዳንዱ ነጥብ እውነት አለበት። እውነት የሆነውን እውነት ነው እላለሁ። ግን ነገርን ከሥሩ ማየት ይሻላል። ጸሐፊው ሊኑክስን የሚያወዳድሩት ከተገዛ፣ ፈቃድ ካለውና አፕዴቱ ከማይቋረጥ ዊንዶውስ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ዊንዶውስ በጎጃም ከተሞች የት ነው ያለው? በባንኮችና በአንዳንድ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ይኖራል። በጽሕፈት ቤቱ፣ በፎቶ ቤቱ፣ በተማሪው ላፕቶፕ ላይ የምናየው ግን ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የተጫነ ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ መወዳደር ያለበት ከሱ ጋር ነው። (የውጭ ዜናዎችን ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን በኛ።)

እንግዲህ «ዊንዶውስ ለኛ ነጻ ነው» ከሚለው ልጀምር። ክራክ ሲደረግ ያየ ሰው ሂደቱን ያውቀዋል። ፊት አንቲቫይረሱ ይጠፋል፤ አለዚያ ክራኩን ይይዘዋል። ቀጥሎ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። ከዚያ ክራኩን እንዳይነቅለው አፕዴት ይዘጋል። ሦስቱም አንድ የደኅንነት ባለሙያ «በጭራሽ እንዳታደርጉ» የሚላቸው ነገሮች ናቸው። እኛ ደግሞ ሦስቱንም ባንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከፍለን እናስደርጋለን። ሬድ ካናሪ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ በ2021 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ የሚመለከት ነው። ሁላችንም ስሙን በምናውቀው የክራክ ፕሮግራም፣ በኬኤምኤስፒኮ ስም የሚዞር መጫኛ የሰው መረጃና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ የሚሰርቅ ፕሮግራም ይዞ ሲገባ አግኝተውታል። አፕዴት መዝጋት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ በሜይ 2017 ታይቷል። ያን ጊዜ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ቫይረሱ የመታው አፕዴቱን ያልጫነውን ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የምርቃት ሰሞን ሲደርስ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ተማሪ ፊቷ ተለዋውጦ ትመጣለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሹ ሲከፈት ደግሞ እያንዳንዱ ፎልደር ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት በቅላበት፣ ሁሉም ሾርትከት ሆኗል። ስትጫነው ምንም አይከፈትም። «ፎርማት አድርጊው» ያላት ሰው አለ። ፎርማት ብታደርገው ጽሑፏ አብሮ ይሄድ ነበር። ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ስሰካው እውነተኛዎቹ ፎልደሮች በሙሉ ቁጭ ብለዋል። ቫይረሱ ያደረገው እነሱን መሸሸግና በቦታቸው ሾርትከት ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ያ የመሸሸጊያ ምልክት ደግሞ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ሾርትከቶቹን አጠፋለሁ፤ አጠገባቸው የተጎለተችውን ትንሽ ስክሪፕት አጠፋለሁ፤ ጽሑፏን ገልብጬ እሰጣታለሁ። ስክሪፕቷ ለዊንዶውስ የተጻፈች ስለሆነች የኔን ኮምፒውተር ምንም አታደርገውም። ልጅቱ ቫይረሱን ያገኘችው ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን ከሰካችበት ጽሕፈት ቤት ነው። ነገ ተመልሳ እዚያው ከሰካችው ተመልሶ ይይዛታል። ያን ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የከተማው ፍላሽ ሁሉ ይገባበታል፤ አንቲቫይረሱም ለክራኩ ሲባል ከጠፋ ቆይቷል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። የጠፋ ጽሑፍ ወጪ ነው፤ በየጊዜው «ፎርማት» እየተባለ የሚከፈለውም ወጪ ነው። ጸሐፊው አልቆጠሩትም።

የዊንዶውስ 10 ነገርም አለ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ከዚያ በኋላ የተጨማሪ ጊዜ ፕሮግራም ውስጥ ያልገባ ኮምፒውተር የደኅንነት አፕዴት አያገኝም። «ታዲያ ዊንዶውስ 11 እንጭና» ይባል ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችንም ከጥቂቶች በቀር አይቀበልም። በየሱቁና በየትምህርት ቤቱ ያሉትን ዴስክቶፖች ከፍታችሁ እዩ። 3ኛ ጄኔሬሽን፣ 4ኛ ጄኔሬሽን፣ አልፎ አልፎም ኮር ቱ ዱዎ ነው የምታገኙት። በማስገደጃ ዘዴ ይጫን ይሆናል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ጭነት አፕዴት አልዋስም ብሏል። እነዚህ ማሽኖች አልሞቱም። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት ያለ ጭንቀት ይሠራል። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ከተቀየረለት ደግሞ ባለቤቱ «ይሄ የኔው ነው?» ይላል። ሚንት 22 የሚደገፈው እስከ 2029 ነው።

በሕጋዊ መንገድ እንግዛ ካልን ደግሞ ዊንዶውስ 11 ሆም አሜሪካ ውስጥ 139 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ሒሳቡን ለናንተ ልተወው። ክራኩን በተመለከተም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ውስጥ ቆጥሮታል። ዛሬ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው እንጂ «ነጻ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይገባም።

አማርኛ አይጽፍም የተባለው ግን ጭራሽ ትክክል አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ የሚባሉት የአማርኛ ፎንቶች በነጻ ፈቃድ የሚታደሉ ናቸው፤ ሊኑክስ ላይም ከዋናው ማከማቻ ይጫናሉ። ለመጻፍ አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉትን ጥቅሎች ጭኖ አማርኛን መምረጥ ነው። የላቲኑን ፊደል በድምፁ ስንነካ የኛ ፊደል ይወጣል። ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ እሱም ከ2017 ጀምሮ ክፍት ምንጭ ሆኗል፤ ማለትም ኮዱን ማንም ማየትና ማሻሻል ይችላል። የወርድ ምትክ የሆነውን ሊብሬኦፊስን ምናሌው ሳይቀር በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። በእርግጥ ትርጉሙ ሁሉም ቦታ አላማረም። ይህን የሚያስተካክል ሰው ግን መሆን የሚችለው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለመሳተፍም የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

እንዲያውም የአማርኛ ችግር የምናየው በሌላው ወገን ነው። ብዙ ጽሕፈት ቤት እስካሁን የሚጽፈው ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የድሮ ፎንቶች ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የተጻፈ አቤቱታ ባሕር ዳር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ፎንት እዚያ ስለሌለ። ከዓመታት በኋላ ያን ውል የሚፈልግ ባለጉዳይ ምን ሊሆን ነው? ቴሰራክት የሚባል ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ደግሞ ስካን የተደረገ የአማርኛ ኅትመት አንብቦ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ኅትመቱ ጥርት ያለ ከሆነ የጸሐፊውን ድካም በብዙ ይቀንሰዋል። ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሰዎች ይህን ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

አሁን ጸሐፊው ወደ ተናገሩት ትልቅ እውነት ልምጣ። ፒችትሪ። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን የለመዱት እሱን ነው፤ የነጋዴው የብዙ ዓመት መዝገብም ያለው በሱ ነው። ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም። የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስከፍተው በዋይን እናሠራው ማለትም የሰው ሒሳብ ላይ መቀለድ ነው። ስለዚህ ፒችትሪ የሚሠራበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ይኑረው፤ ያውም ሕጋዊ ዊንዶውስ ቢሆን ይመረጣል። ግን አንድ ቢሮ ስድስት ኮምፒውተር ቢኖረው ፒችትሪ የሚከፈተው በስንቱ ነው? ባብዛኛው በአንዱ ነው። በቀሩት ላይ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኢሜይል ይከፈታል፣ ቴሌግራም ይታያል። የአንዱን ማሽን ፍላጎት ይዞ ስድስቱንም ለክራክ መዳረግ ለምን ያስፈልጋል?

ወርድን በተመለከተ ሊብሬኦፊስ የወርድን ፋይል ይከፍታል፤ በወርድም አድርጎ ያስቀምጣል። ውስብስብ ሠንጠረዥና ቅርጽ ያለው ሰነድ ላይ መስመር ሊዛነፍ ይችላል፤ ይህ መታወቅ አለበት። ለአቤቱታ፣ ለማመልከቻ፣ ለፈተና ወረቀት፣ ለቃለ ጉባኤ ግን ከበቂ በላይ ነው። ሊብሬኦፊስ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። መለወጥ የፈለገ ሰው ሊኑክስን ከመጫኑ በፊት እዚያው በለመደው ማሽን ላይ ጥቂት ጊዜ ይለማመደው። እኔ ለሰው ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው።

ፎቶ ቤቶችና ባነር የሚሠሩ ልጆች በፎቶሾፕና በኮረልድሮው እጃቸው ፈጥኗል። ጂምፕ የሚባለው ነጻ የፎቶ ማስተካከያ በማርች 2025 ሦስተኛ ትልቅ ስሪቱን አውጥቷል፤ ፎቶው ላይ የተደረገን ለውጥ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል አሁን ተችሏል። ሆኖም ለኅትመት የቀለም ዝግጅት ፎቶሾፕ አሁንም ይቀድማል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያሳትመውን ልጅ «ዛሬውኑ ተው» አልለውም። ተማሪውን ግን እለዋለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉም ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ያሳድዳል። በሱ ቦታ በነጻ ጃሞቪ አለ፤ «አር» የሚባለውም አለ፤ ፒኤስፒፒ ደግሞ የኤስፒኤስኤስን ፋይል ራሱ ይከፍታል። ካርታ ለሚሠሩ የመሬትና የግብርና ባለሙያዎች ደግሞ ኪውጂአይኤስ አለላቸው። በዚህ ሙያ ውስጥ ክራክ ማሳደድ ለምን እስካሁን እንደቀጠለ አይገባኝም።

ወደ ደኅንነቱ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ኤክስዜድን የጠቀሱት ሊኑክስ አደገኛ መሆኑን ለማሳየት ነው። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው አልነገሩንም። ኤክስዜድ ፋይል የሚያምቅ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ሁሉም ሊኑክስ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ሲጠብቀው የኖረው ላሴ ኮሊን የሚባል ሰው ነው፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት እየረዳው አመኔታ አገኘ። ከዚያ በ2024 መጀመሪያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ስውር በር ቀበረ። በሩ ቢሰምርለት ኖሮ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ሰርቨሮችን ከሩቅ የሚያስከፍት ነበር።

የተገኘው እንዴት ነው? አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሠሪ ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ንቆ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ኮዱ በእጁ ነበረና እየተከተለ ወርዶ ኤክስዜድ ላይ ደረሰ። ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም ሁሉ አሳወቀ። ሰውየው በሥራው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው፤ ይህንንም ጸሐፊው ቢያነሱት ጥሩ ነበር። ስርጭቶቹ፣ ማለትም እንደ ሚንትና ዴቢያን ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ከተበከለው ስሪት ወዲያው ወደ ቀድሞው ተመለሱ። የተበከለው ስሪት የደረሰው ባብዛኛው በሙከራ ላይ ባሉና አዲስ ስሪት ወዲያው በሚቀበሉ ስርጭቶች ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት የተረጋጋው ዴቢያን ውስጥ አልገባም።

ዕድልም ረድቷል፤ ይህን አልክድም። ከስውሩ በር ከፊሉ በይፋዊው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ በሚታደለው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር የተሸጎጠው። ስለዚህ «ኮዱን ሁሉም ስለሚያየው ምንም አይደበቅም» የሚሉ የሊኑክስ ወዳጆችም አበዝተውታል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። ዓለም ሁሉ የተደገፈበትን መሣሪያ አንድ የደከመ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ተሸክሞት ነበር። ጀርመን ለእንዲህ ያሉ ሥራዎች በ2022 ከመንግሥት ገንዘብ መክፈል ጀምራለች፤ ይህ መብዛት አለበት። ግን ያንኑ ግማሽ ሰከንድ በዝግ ፕሮግራም ላይ ያየ ሰው ምን ያደርግ ነበር? ለኩባንያው ይጽፋል፤ ከዚያ ይጠብቃል። ወርዶ የሚያይበት መንገድ የለውም።

የዝጉን ወገን ደግሞ ያው ዓመት አሳይቶናል። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አንድ የተሳሳተ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ፤ በረራ ቆመ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ስሕተቱ የማይክሮሶፍት አልነበረም፤ እሱን ለመውቀስ አላነሣሁትም። «ክፍት ስለሆነ አደገኛ፣ ዝግ ስለሆነ አስተማማኝ» የሚባል ሕግ እንደሌለ ለማሳየት ነው።

«ባለቤት የለውም፤ ነገ ይዘጋል» የሚለውን ስጋት እረዳዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉን ኩባንያዎች ብዙ ስለሆኑ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ግን ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከጀመረው ጀምሮ የሺዎች ሥራ ሆኗል፤ ፈቃዱም የተሰጠን ኮድ ተመልሶ መንጠቅን አይፈቅድም። ከርነሉን ትተን ሌሎቹን ብናይ እንኳ «ክፈሉ» ሲባል ምን እንደሚሆን በቅርብ ዓመታት አይተናል። ሬዲስ የተባለው የዳታቤዝ ኩባንያ በማርች 2024 ፈቃዱን አጠበበ። በቀናት ውስጥ የቀድሞው ኮድ ቫልኪ በሚል ስም በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ቀጠለ፤ ዋናዎቹ ሠሪዎች ከነአማዞንና ጎግል ጋር ወደዚያው ሄዱ። በሜይ 2025 ሬዲስ ራሱ ክፍት ፈቃድ መልሶ ጨመረ። ቴራፎርም የሚባለው የሰርቨር ማዘጋጃ ፕሮግራም በ2023 ፈቃዱን ሲያጠብ ከቀድሞው ኮድ ኦፕንቶፉ ወጣ። ዛሬ የምንጠቀምበት ሊብሬኦፊስም በ2010 የተወለደው በኦፕንኦፊስ ባለቤት የተሰጉ ሠሪዎች ወጥተው ነው።

ይህ ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። የበቆሎ ምርጥ ዘር ብዙ ያስገኛል፤ ስለዚህ ይገዛል። ግን ዘሩን አስቀርቶ ለከርሞ ቢዘራው ምርቱ ይቀንሳል፤ በየዓመቱ ገበያ መጠበቅ አለበት፤ ዘሩ ከዘገየ ክረምቱ ያልፈዋል። ከራሱ ጎተራ የሚያወጣው የጤፍ ዘር ላይ ግን ማንም አያዝበትም። ክፍት ምንጭ ፕሮግራም እንደዚያኛው የጎተራ ዘር ነው። እንግዲህ ፍረዱ፦ ባለቤት አለው የተባለው ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2018 ሲዘጋ «እኛ እንቀጥለው» ማለት የቻለ ሰው አልነበረም፤ ኮዱ የለንማ።

ኢንተርኔትን በተመለከተ እዚህ የምንኖር ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። ያን ጊዜ ማን ተቸገረ? በየወሩ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መነጋገር ያለበት ፕሮግራም ነው የተቸገረው። ዊንዶውስ 11 ሆም ገና ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። የሊኑክስ ሚንት መጫኛ ወደ 3 ጊጋባይት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው በቃ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ስንትም ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስም ውስጡ አሉ። አክቲቬት የሚባል ነገር የለውም። ዴቢያን ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ፕሮግራም በዲቪዲ መልክ ያቀርባል። የትምህርት ቤት ላብ ከሆነ አንዱ ማሽን አፕዴቱን አውርዶ ለሌሎቹ በኬብል እንዲያድል ማድረግ ይቻላል፤ አፕት ካቸር የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ይህ ነጥብ ጸሐፊውን ራሳቸውን የሚመታ ነው።

«ቁም ነገረኛ ተቋም አይጠቀምበትም» ሲሉ ግን ተገረምሁ። ፋይዳ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ክፍት ምንጭ ተጠቅሟል። ብሔራዊ መታወቂያው የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስበው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሥርዓት ነው፤ እሱን የሚያዘጋጀው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኮዱ ክፍት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጽሑፎቹን ዲስፔስ በሚባል ክፍት ምንጭ ማከማቻ ነው ለዓለም የሚያሳየው። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ደግሞ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ውስጥ ሊኑክስ የማያሠራው አንድም የለም። ጽሑፉ የተነበበበት አንድሮይድ ስልክ ራሱ ከሥሩ የሊኑክስ ከርነል ነው።

ሙኒክ ትታዋለች፤ እውነት ነው። በ2003 ወስና፣ በ2013 ጨርሳ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠች። ግን በ2020 የመጣው አዲሱ አስተዳደር በተቻለ መጠን ክፍት ምንጭ እንጠቀም ብሎ ተስማምቷል፤ ጽሑፉ እዚህ ሳይደርስ ቆመ። የፈረንሳይ ዣንዳርም ፖሊስ ከ2008 ጀምሮ ኡቡንቱን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ጭኖ ይሠራል። የጀርመኑ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት በ2024 ለ30,000 ያህል የመንግሥት ኮምፒውተሮች ሊብሬኦፊስና ሊኑክስን መርጧል። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ኬረላ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ በነጻ ሶፍትዌር ማስተማር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ልጆቹ የተማሩበትን ፕሮግራም ቤታቸው ወስደው መጫን ይችላሉ፤ ማንንም አልሰረቁም። እንጅባራ ወይም ቢቸና ያለ ተማሪ ለምን ይህ ይቅርበት?

 

የቀረው «ጠጋኝ የለም» የሚለው ነው። እዚህም እውነት አለ። አንዳንድ አሮጌ ሌዘር ፕሪንተሮች ድራይቨራቸው የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ያስቸግራሉ። ፕሪንተሩ እንጀራው የሆነ ጽሕፈት ቤት ሳይሞክር መቀየር የለበትም። መሞከሪያው ደግሞ ቀላል ነው። ሚንትን ፍላሽ ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣት ነው፤ ዊንዶውሱ አይነካም፤ ፋይሉ አይነካም። ፕሪንተሩ ይሰካ፤ አንድ ገጽ ይታተም። ዋይፋዩ ይታይ፤ ድምፁ ይሰማ። ካልሆነ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው።

ጠጋኝ በበቂ ቁጥር አለመኖሩም ትክክል ነው፤ ግን ይህ የሚለወጠው የሚያስጭን ሰው ሲኖር ነው። ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡ ልጆች የለመዱት ክራክ መጫን ነው፤ ሰው የሚጠይቃቸውም እሱን ብቻ ነው። ሊኑክስ ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ይጽፋል፤ የስሕተቱ መልእክት ይነበባል፤ ምክንያቱ ተፈልጎ ይገኛል። እኔ ሙያውን የተማርሁት በዚህ ነው። ዊንዶውስ ብቻ ስጠግን ግን የማውቀው መድኃኒት ፎርማት ብቻ ነበር።

ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ መሞከር የምትፈልጉ፣ 8 ጊጋባይት ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ። ሚንትንም ሆነ ዴቢያንን እገለብጥላችኋለሁ፤ ፈቃዱ ስለሚፈቅድ አይከፈልበትም። የራሳችሁን ፕሪንተር ሞዴል ጽፋችሁ አምጡ፤ ከመጫናችን በፊት ይሠራ አይሠራ እንደሆነ አብረን እናያለን። ጸሐፊውም ቢመጡ በደስታ እቀበላቸዋለሁ።